የሙላት አስራ አንድ ሰዎች

በሐይቅ ከተማ ለቅሶ የሚያዘወትር ሰው ማነው ቢባል ከኑርዬ የሚቀድም አይገኝም። አንደኛ የቅሬ፣ ማለትም የአካባቢው ዕድር፣ ዳኛ ነው፤ ሰው ሲሞት መቃብር የሚያስቆፍረው፣ ድንኳን የሚያስተክለው፣ የቀረውን ቀባሪ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚወቅሰው እሱ ነው። ሁለተኛ ደግሞ በዚያ ዓመት ከለቅሶ ቤት በስተቀር አምስት ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ፖለቲካ የሚያወራበት ቦታ ጠፍቶ ነበር። ለስብሰባ ፈቃድ ይጠየቃል፤ "ይታያል" ይባላል፤ ሲታይ ሲታይ ምርጫው ይደርሳል። ለለቅሶ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የአካባቢው ተቃዋሚዎች ሰው በሞተ ቁጥር ይሰበሰባሉ፤ ሰው ካልሞተ ስብሰባ የለም።

ነገሩ ያስቃል፤ ኑርዬን ግን ማሳቅ ካቆመ ቆይቷል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀን ቀን ገበያው ዳር ባለች በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውላል፤ ሱሪ ያሳጥራል፣ ጀለቢያ ይሰፋል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይጠግናል። ሃያ ዓመት ሙሉ የአንድ ፓርቲ አባል ሆኖ ኖሯል፤ ሕዝቡ በምርጫ ምልክቱ "ጀልባ" የሚለው ፓርቲ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ጀልባ ሦስት ጊዜ ተሰንጥቋል፣ ሁለት ጊዜ ስሙን ቀይሯል፣ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ለምን እንደማይወጣ ሲጠይቁት "ወጥቼ የት ልሂድ?" ይላል። ሌላ መልስ የለውም።

ሁለተኛው ፓርቲ "ሞፈር" ነው። ጀልባና ሞፈር በምን እንደሚለያዩ እኔም አላውቅም፤ እነሱም ሲጠየቁ ይንተባተባሉ። የሚሉት ያው ነው። ነገር ግን ገዥውን ፓርቲ ከሰደቡት ይልቅ እርስ በርስ የተሰዳደቡት ይበዛል። በየምርጫው ለአንድ ወንበር ሁለቱም ሰው ያቀርቡና ያለችውን ድምፅ ለሁለት ይገምሷታል፤ ከዚያ "በአንተ የተነሳ ነው፣ በአንተ ነው" ሲባባሉ አምስት ዓመት ያልቃል። ዘንድሮ ግን ከላይ ያሉት አለቆቻቸው ደሴ ላይ ተቀምጠው ተስማሙ። በሐይቅ በኩል ጀልባ ብቻ እንዲወዳደር፣ በአምባሰል በኩል ሞፈር ብቻ፤ ታዛቢ ደግሞ እንዲዋዋሱ። በምርጫ ጣቢያው የሚቀመጥ የራስህ ታዛቢ ከሌለህ ኮሮጆው ሲከፈት የሚያይልህ የለም፤ ምን ቆጥረው ምን እንደጻፉ ሬዲዮ ሲነግርህ ትሰማለህ። ስለዚህ ሞፈር በሐይቅ በኩል፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን ሰዎቹን ለኑርዬ እንዲሰጥ፣ ጀልባም በአምባሰል ያሉትን ለሙላት እንዲሰጥ ተባለ።

ሙላት የሞፈር ሰው ነው፤ ውጫሌ ይኖራል። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ በፖለቲካው ሰበብ ከሥራ ቢያባርሩትም ገበሬው አላባረረውም፤ ላሟ ማማጥ ሲያቅታት፣ በሬው ሆዱ ሲነፋ የሚጠራው እሱን ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በሰው ፊት ማፈር የሚያበዛ ሰው ነው። ኑርዬ ከሱ ጋር በአምስት ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አውርቷል፤ ከሃያ ዓመት ስድብ በኋላ ሰውዬውን ሲያየው ወደደው። ይህን ግን ለፓርቲው ሰዎች አልተናገረም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለች መንደር አንድ ባለጸጋ ገበሬ ሞቱና ለቅሶው ሰፊ ሆነ። ሙላት ከውጫሌ በሚኒባስ መጣ። ኬላው ላይ "ወዴት?" አሉት፤ "ለቅሶ" አለ፤ አለፈ። ኑርዬ ድንኳኑ ጥግ ቦታ ይዞለት ነበር።

"ሟቹ ዘመድህ ናቸው እንዴ?" አለው ቀስ ብሎ።

"ላማቸውን ሁለት ጊዜ አዋልጃለሁ። ከዚህ በላይ ምን ዝምድና አለ።"

ኑርዬ ከኪሱ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጣ፤ የደንበኛ ልክ ከሚጽፍበት ደብተር የተገነጠለች ናት። አስራ አራት ስም አለባት። ሁሉም የሚስቱ የዘይቱና ወገኖች ናቸው፤ ዘይቱና የአምባሰል ልጅ ናት። መጀመሪያ የተጻፈው የታናሽ ወንድሟ የሰዓድ ስም ነው። ኑርዬ አንድ በአንድ ለምኖ ያስማማቸው ሰዎች ናቸው፤ እጁ ወረቀቷን ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየ።

"አደራ ሙላት። አማቾቼ ናቸው። አንዱ ቢነካ ቤቴ አልገባም።"

ሙላት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች አነበባት፤ ደግሞ ከላይ ጀመረ። "አደራህን ተቀብያለሁ" አለ። ከዚያ ከኮቱ ውስጥ ፖስታ አወጣና ወደ ኑርዬ ሳያይ ሰጠው። "አስራ አንድ ናቸው። በአርዲቦ ዙሪያ ያሉን ሰዎች። ሁሉም ቆራጦች ናቸው።"

ኑርዬ በማግሥቱ ጠዋት በረንዳው ላይ፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ፖስታውን ከፈተ። አንደኛ፣ ሰዑድ እብሬ። ፈገግ አለ፤ ስህተት መሰለው። ሰዑድን የቀበረው እሱ ራሱ ነው፤ የክረምት ቀን ነበር፤ መቃብሩ ውሃ እየሞላ በጣሳ ሲቀዱ ነው ያሳረፉት። ሁለተኛ፣ ዝናው ተገኘ። ዝናው ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ልጁ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ተብሎ ቄሶቹ በፀሐይ ሲጠብቁ አንደኛው ራሱን ስቶ ወድቋል። ሦስተኛ፣ ሀውራ ሽፋው። አላህ ያርሀማት፤ በእሷ ለቅሶ ወንድሞቿ ተጣልተው ኑርዬ መሀል ገብቶ ሸሚዙ ተቀዷል። ፈገግታው እዚህ ላይ ጠፋ። ጣቱን በየስሙ ላይ እያደረገ ወረደ። ዘጠኙን ቀብሯቸዋል። አስረኛው ከነቤተሰቡ ጂዳ ነው። አስራ አንደኛው ኮምቦልቻ ልጁ ቤት ነው ያለው፤ ሰው መለየት ትቷል፤ ባለፈው ኑርዬ ሊጠይቀው ሲሄድ "ማነህ አንተ?" ብሎታል።

ንዴቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። እሱ የሚስቱን ወንድም ሰጥቶ የሙታን ስም ተቀበለ! ለዚያውም የቅሬ ዳኛ፣ የአካባቢውን ሟች በቃሉ የሚያውቅ ሰው! ሌላ ሰው ቢያታልል ኖሮ ባልገረመው፤ ከስድስት ለቅሶ በኋላ፣ ከወደደው በኋላ፣ ሙላት እንዲህ ያደርጋል ብሎ አላሰበም። ያን ቀን ሦስት ሱሪ አበላሸ።

ስልክ ላይ ከሰላምታ በቀር ምንም እንዳይነገር ተማምለዋል፤ የሚሰማ ጆሮ አለ። ውጫሌ ድረስ ያለ ለቅሶ ቢሄድ ኬላው ምክንያት ይጠይቀዋል። ሙላትን ፊት ለፊት "ይህ ምንድነው?" ለማለት የግድ ሰው መሞት አለበት። የዚያን ሳምንት ደግሞ ሰው እምቢ አለ። ኑርዬ አስር ቀን ጠበቀ። በስምንተኛው ቀን ከገበያ በላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ታመዋል ሲባል ልቡ ብድግ አለች፤ ወዲያው "አስተግፊሩላህ" ብሎ ራሱን በጥፊ ሊመታ ምንም አልቀረው። ሽማግሌው ሻሉ፤ እሱም ሄዶ እንኳን ማረዎት አላቸው።

በአስረኛው ቀን ሂንድ መጣች። ሂንድ የጀልባ ጸሐፊ ናት፤ መድኃኒት ቤት አላት፤ ሠላሳ ዓመት ገና አልሞላትም፤ ነገር በእጇ አይውልም፣ ወዲያው ስልኳ ላይ ይወጣል። "ጋሼ ኑርዬ፣ የታዛቢዎቹ ስም ነገ መግባት አለበት" አለችው። ፖስታውን ሰጣት። የሚያውቀውን ነገራት። አንብባ ስትጨርስ ጆሮዋ ቀልቷል።

"ይሄ ሰውዬ ወይ ሰላይ ነው ወይ ይንቀናል።"

"እስቲ መጀመሪያ ላናግረው።"

"መቼ? ሰው ሲሞት?"

እሱም ይህንኑ አስቦ ነበር። ደክሞትም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲያስረዳ፣ ሲያስታርቅ፣ ነገ ሲል ኖሯል። ሂንድ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ደብዳቤውን ጻፈችው፤ የጀልባ የወረዳ ኮሚቴ ከሞፈር ጋር የነበረውን ትብብር እንዳቋረጠ፣ ምክንያቱም የሞፈሩ ተጠሪ አቶ ሙላት የሞቱ ሰዎችን ስም በታዛቢነት እንዳቀረቡ። መጨረሻው ላይ "ከሙታን ጋር ኅብረት የለንም" የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረች። ኑርዬ ይህችን አውጪያት ሊል ፈለገ፤ ሳይላት ፈረመ። ከሰዓት በኋላ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ስድስት መቶ ሰው ሳቀበት።

በማግሥቱ ሙላትን ያዙት። ላም ሊያይ ቦርሳውን ይዞ ከውጫሌ ሲወጣ ነው የያዙት። ደብዳቤው አይደለም ያስያዘው፤ አንድ ሰው ለቅሶዎቹን ቆጥሮበት ኖሯል። ዘመድ ያልሆነ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ሐይቅ ድረስ እየሄደ ስድስት ለቅሶ ምን ያደርጋል? ያልተፈቀደ ስብሰባ ተባለ።

ዘይቱና ወሬውን ከጎረቤት ሰምታ በረንዳው ድረስ መጣች። በረንዳው መጥታ አታውቅም።

"አንተ ሰውዬ፣ የሰዓድ ስም በዚያ ሰው እጅ ነው ያለው?"

"በኪሱ ይሁን በቤቱ አላውቅም።"

"ትናንት በአገር ፊት አዋርደኸው፣ ዛሬ እሱ የኔን ወንድም ሊሸሽግልህ? ወላሂ ኑርዬ፣ እኔ እንኳ አልሸሽግልህም።"

እሷ ለቅሶም ሰበብም አላስፈለጋትም፤ ለወንድሟ ልትሄድ ነው። የዚያኑ ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ አምባሰል ወጣች። በዘጠነኛው ቀን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለችና ነገረችው።

አስራ አራቱ በሰዓድ ቤት ተሰብስበው መከሩ። ስማችን ተጽፎ ሙላት ጋ ነው፤ ሙላት ታስሯል፤ ይህ ሙላት ደግሞ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው አታላይ ነው ያሉት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስንት ቀን ዝም ይላል? ተይዞ የተናገረ ይቀጣል፤ ቀድሞ የሄደ ምሕረት ያገኛል። ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ወረዱ። ከጀልባ እንደወጡ፣ ተሳስተው እንደነበር፣ ስማቸው በዝርዝር ለሙላት እንደተሰጠ ጽፈው ፈረሙ። መጀመሪያ የፈረመው ሰዓድ ነው። ሻይ አጠጧቸው፤ ፎቶ አነሷቸው፤ ወደ ቤታቸው ሸኟቸው።

"ደህና ናቸው" አለች ዘይቱና። "ማንም አልነካቸው። አልሃምዱሊላህ።" ከዚያ አለቀሰች።

ኑርዬ መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ እስከ ዛሬም ሲያስበው ፊቱ ይግላል።

ምርጫው አለፈ። ማን አሸነፈ ብሎ መጠየቅ ቀለም ማባከን ነው። በአርዲቦ ዙሪያ ባሉት ጣቢያዎች የጀልባ ታዛቢ አልነበረም፣ በአምባሰልም የሞፈር አልነበረም፤ ኮሮጆው ተከፈተ፣ ተቆጠረ፣ ተጻፈ። ኑርዬ ብቻውን ከተማው ውስጥ ባለች አንዲት ጣቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ዋለ። ወገቡን ያመመው ገና አልለቀቀውም።

ሙላት ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ተፈታ። ሰባ ስድስት ቀን ታስሯል፤ ክስ አልቀረበበትም። ኑርዬ ወሬውን ሰምቶ አስር ቀን ያህል እንዳልሰማ ሆነ። ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን ዘይቱና ጃንጥላውን አምጥታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"ምን ብዬ ልሂድ?"

"ይቅር በለኝ፣ አፉ በለኝ ብለህ። ሌላ ምን አለህ?"

ውጫሌ ጭቃ ናት በነሐሴ። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዞ ግማሽ መንገድ ሄደና ባጃጁ ዳገቱን እምቢ ሲለው በእግሩ ወጣ። በሩን የከፈተችው የሙላት ሚስት ጸዳለ ናት። አይታው አታውቅም፤ ስሙን ሲነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። "ይግቡ" አለችና ወደ ጓዳ ሄደች።

ሙላት መስኮቱ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጧል። ቀድሞም ቀጭን ነበር፤ አሁን ኮቱ ውስጥ ሌላ ሁለት ሙላት ይገባል። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶታል። ኑርዬ ሊጨብጠው ሲጎነበስ ግራውን ሰጠው።

"ይቺኛዋ መጨበጥ ትታለች" አለ። "ሐኪሙ ይመለሳል ይላል። አሁን ላም ማዋለድ አይቻልም።"

ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ጤፍ አወሩ። ስለ ኑርዬ ወገብ አወሩ። ከዚያ ሙላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሙሉ ልብ፣ እንደ ምሥራች የሚነግር ሰው ፊቱ እየበራ፣ "አማቾችህ ደህና ናቸው አይደል?" አለው። "ሰዓድ? ሌሎቹም? አንድም ስም ከእኔ አልወጣም። ወረቀትህን ያን ቀን እዚያው ለቅሶ ቤት፣ ወጥ የሚሠራበት እሳት ውስጥ ከተትኳት፤ በቃሌ ይዤያቸው ነበር። አሁንም ልቁጠርልህ? ሰዓድ ሙሄ፣ ሙአዊያ ይማም..."

"ተወው" አለ ኑርዬ።

"መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ሳይጠይቁኝ አስር ቀን ቁጭ አልኩ። ሊለቁኝ ነው መስሎኝ ነበር። ኋላ ምን እንደሰሙ እንጃ፣ ድንገት 'ዝርዝር አለ፤ ዝርዝሩን ውለድ' አሉ። ከዚያ ነው ነገሩ የከፋው። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አሰላስላለሁ።"

ኑርዬ "ደህና ናቸው" ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ቃሉ እውነት ነው፤ ሰውዬውም ደስ ብሎት ይኖር ነበር። ግን ይኸው እንዲህ እየተሸፋፈኑ ነው እዚህ የደረሱት።

"ራሳቸው ናቸው የነገሯቸው" አለ። "አስራ አራቱም ሄደው ፈረሙ። አንተ በተያዝክ በሳምንቱ። የኔን ደብዳቤ ሰምተው፣ አታላይ ነው ያልኩህን ሰምተው፣ ይናገርብናል ብለው ፈሩ። ስማችን ሙላት ጋ በዝርዝር አለ ብለው የነገሩት እነሱ ናቸው። ስሞቹን ሲጠይቁህ ያውቋቸው ነበር።"

ሙላት ወደ መስኮቱ ዞረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቀኖቹን የሚቆጥር ይመስላል።

"ሰዓድም?"

"መጀመሪያ የፈረመው እሱ ነው።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ቀን..." አለና አቆመ። በደህናው እጁ ዓይኑን ጠረገ። "ምን ፈልገው ነበር ታዲያ?"

"እኔ እንጃ ሙላት።"

ጓዳ ውስጥ ዕቃ ሲያቃጭል የነበረው ቆሟል፤ ጸዳለ እየሰማች ነው።

"እኔም የምጠይቅህ አለኝ" አለ ኑርዬ። "እነዚያ አስራ አንዱ። ዘጠኙን እኔ ቀብሬያቸዋለሁ። ለምን?"

ሙላት አቀረቀረ። ስለ እስሩ ሲናገር ያላፈረ ሰው አሁን አፈረ።

"ያሉን እነሱ ናቸዋ። የዘጠና ሰባት መዝገብ ነው። ያን ጊዜ በአርዲቦ ዙሪያ ቤት ቤቱ የእኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው አልጨመርንም። መሞታቸውን አላውቅም ነበር አልልህም፤ የሦስቱን ሰምቻለሁ። የሌሎቹን ለመጠየቅ ፈራሁ። ብጠይቅ ሁሉም የሚሞቱብኝ መሰለኝ። አንተ ደግሞ አስራ አራት ሰው ይዘህ ትመጣለህ። ባዶ እጄን እንዴት አንተ ፊት ልቁም? ሞፈር የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት፣ እንዴት ብዬ ልበል?"

ኑርዬ ይህን ሰው ለአስር ቀን ጠልቶት ነበር። አሁን ጥላቻው የት እንደገባ ፈልጎ አጣው፤ ያገኘው ራሱን ነው።

"እኔስ ምን ነበረኝ?" አለ። "ከዘይቱና ዘመዶች ሌላ አንድ ሰው የለኝም። እነሱም ለፓርቲው ብለው አይደለም፤ ለእህታቸው ብለው ነው። ጀልባም እኔ ነኝ። እኔና ሂንድ፣ ሂንድም ካገባች ትሄዳለች።"

"በሚያዝያ ይህን ብትነግረኝ እኔም እነግርህ ነበር።"

"ብነግርህ ኖሮ ከእኔ ጋር ትስማማ ነበር?"

ሙላት አሰበ። "አልስማማም ነበር" አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሙላት ሲስቅ ጎኑን አመመውና ያዘው።

"አፉ በለኝ ሙላት።"

"አፉ ብያለሁ። እግዚአብሔርም አፉ ይበልህ። እኔ ብዙም አልከበደኝ፤ እኔ የገባሁበት ነገር ነው። ጸዳለን ግን ራስህ ለምናት። እሷ ምንም ውስጥ አልነበረችም።"

ኑርዬ ተነስቶ ወደ ጓዳው በር ሄደ። ጸዳለ ምድጃው አጠገብ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

"እቴ ጸዳለ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ።"

ዘወር አለች። ያለቀሰች መስሎት ነበር፤ ዓይኗ ደረቅ ነው።

"ሰባ ስድስት ቀን ስንቅ አመላለስኩ" አለች። "ሰባ ስድስት ቀን እዚያ በር ላይ በፀሐይም በዝናብም ቆምኩ። አንዳንድ ቀን ይቀበሉኛል፤ አንዳንድ ቀን ምግቡን ይደፉታል። ደብዳቤውን ይተዉት፤ እሱን አላነበብኩትም። ከጀልባ አንድ ሰው፣ ከሞፈር አንድ ሰው ጸዳለ እንዴት ነሽ ያለኝ የለም። ይህን ነው የምጠይቅዎ። ለምን?"

"ፈርተን ነው።"

"እኔስ አልፈራሁም?"

ጸዳለ ማማሰያውን ምድጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

"ጥላ የያዘችልኝ ማን እንደሆነች ያውቃሉ? የገዥው ፓርቲ የሴቶች ተጠሪ። ጎረቤቴ ናት። ሲያዩአት አላፈረችም። እናንተ ኅብረት ኅብረት ስትሉ እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ነበር፤ እዚያ በር ላይ አብሮኝ የሚቆም አንድ ሰው። እርስዎ በየለቅሶው የማይጠፉ ሰው ነዎት ይላል ሙላት። የእኔ ባል ስላልሞተ ነው ያልመጡት?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ኑርዬ ቆቡን በእጁ እያጨማደደ ቆመ። ሊያለቅስ ነበር፤ ማልቀስ ግን የእሱ ተራ እንዳልሆነ ገባው።

"አፉ በይኝ" አለ ዳግመኛ፤ ሌላ የሚለው ስለጠፋው።

"አልልዎትም" አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ድምፅዋ የደከመ ነው። "ማለት አቅቶኝ ነው። ሞክሬ ነበር አሁን ሲያወሩ እየሰማሁ፤ አልወጣልኝ አለ።"

ኑርዬ ራሱን ነቀነቀና ጃንጥላውን ሊያነሳ ወደ በሩ ዞረ። ጸዳለ ቀድማው መጥታ የውሃውን ጆግ አነሳች።

"ወዴት ነው? ይቀመጡ። ፍልሰታ ነው፣ ሽሮ ነው፤ ለእርስዎም ይሆናል። ከዚህ ቤት እንግዳ ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም፤ በእርስዎ አልጀምርም።"

ብታባርረው ይሻለው ነበር። እጁን አስታጠበችው። ከሙላት ጋር አንድ ትሪ ላይ አቀረበችላቸው፤ ሙላት በግራ እጁ እየተቸገረ መቁረስ ጀመረ። ኑርዬ ቢስሚላህ ብሎ ቆረሰ። ሽሮው ጥሩ ነበር፣ እንጀራውም ትኩስ ነበር፤ እሱ ግን እያሳነሰ ነበር የሚቆርሰው። ጸዳለ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ኑርዬ የሚበላውን ትመለከት ነበር። ሲጨርስ ሳትጠይቀው ጨመረችለት።